ባሕር ዳርቻ ሄዳችሁ ጥሩ ዓሣ ሳትበሉ አትመለሱ፦ ከጠዋቱ ገበያ እስከ ማታው ማስታወሻ

ባሕር ዳርቻ ሄዶ መጥፎ ዓሣ መብላት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ይርበዋል። ውሃው ፊት ለፊት ያለ ምግብ ቤት ይገባል፣ ፎቶ ያለበትን ሜኑ ያያል፣ በጣቱ ይጠቁማል። የሚመጣለት የደረቀ ዓሣና ያልጠበቀው ሂሳብ ነው። ማታ ሆዱን ይዞ ያድራል። ከሳምንት በኋላ ስልኩ ላይ ስድስት መቶ ፎቶ አለ፤ «የበላኸው ዓሣ ስሙ ማን ነበር?» ሲሉት ግን ዝም።

እኔም ሁለቴ እንዲህ ሆኜ ተመልሻለሁ። ቆይቶ የገባኝ፣ የባሕር ዳርቻ ምሳ የሚወሰነው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ጠዋት መሆኑ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

## ደረጃ 1፦ ሳትነሱ በፊት

አብሯችሁ የሚሄደውን ሰው ጠይቁ። አለርጂ ያለበት አለ? የሽሪምፕ፣ የክራብና የሎብስተር (ቅርፊት ያላቸው የባሕር እንስሳት) አለርጂ አዋቂ ከሆኑ በኋላም ሊጀምር ይችላል። «ድሮ እበላ ነበር» ዋስትና አይደለም። አለርጂ ያለበት ሰው የማይበላውን በሚሄድበት አገር ቋንቋ ወረቀት ላይ አጽፎ ይያዝ። ወረቀቱ ላይ «በተመሳሳይ ዘይትም አትጥበሱልኝ» የሚል ይጨመርበት። ሽሪምፕ በተጠበሰበት ዘይት የተጠበሰ ድንችም ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል።

ጥሬ የማይነኩትን ለዩ። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አረጋዊ፣ የጉበት ሕመምተኛና የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ጥሬ የባሕር ምግብ አይብላ። ነፍሰ ጡር ሴት በተጨማሪ ሻርክ፣ ሰይፍ ዓሣ፣ ማርሊንና ኪንግ ማኬሬል ትተው። በስለውም ቢሆን ሜርኩሪያቸው (ፅንስን የሚጎዳ ብረት) ከፍተኛ ነው።

ቦርሳ ውስጥ የሚገቡ፦

- ትንሽ የበረዶ ሳጥንና ዚፕ ያላቸው የፕላስቲክ ከረጢቶች
- ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ፣ ለተቅማጥ የሚሰጥ ዱቄት)
- ፋርማሲስት አማክራችሁ የገዛችሁት የአለርጂ ክኒን
- ራሳችሁ የምታበስሉ ከሆነ የምግብ ቴርሞሜትር
- ትንሽ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ አይደለም፤ እርጥብ ወረቀት ላይ ቀለሙ ይፈሳል።

## ደረጃ 2፦ ጀልባው የሚገባበትን ፈልጉ

በደረሳችሁ ማግስት በማለዳ ውጡ። ዓሣ አጥማጆች የሚያራግፉበትን ቦታ ጠይቃችሁ ሂዱ። ባትገዙም ሂዱ። የዚያን ቀን ባሕሩ የሰጠውን ካያችሁ ምሳ ላይ ማንም አያታልላችሁም።

አጠያየቅ ለውጥ ያመጣል። «ዓሣ አለ?» ብትሉ መልሱ ሁልጊዜ አለ ነው። «ዛሬ ጠዋት ምን ገባ?» በሉ። ሻጩ ሁለት ሦስት ስም ብቻ ከጠራላችሁ ጥሩ ምልክት ነው። ሃያ ዓይነት ከዘረዘረላችሁ አብዛኛው ከማቀዝቀዣ የወጣ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ባሕሩ ለሁለት ቀን ተናውጦ ከነበረ ትንንሽ ጀልባዎች አልወጡም ማለት ነው። በዚያን ቀን «የዛሬ ነው» የሚላችሁን ሰው አትመኑ። ሌላ ነገር ብሉና ባሕሩ እስኪረጋ ጠብቁ።

እዚህ ላይ አንድ የግሌን ልበል። «በረዶ የነካው ዓሣ አልበላም» የሚሉ ሰዎች አይገቡኝም። እንደተያዘ ጀልባው ላይ የቀዘቀዘ ዓሣ፣ ሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ ውሃ እየተረጨበት ከዋለ «ትኩስ» ዓሣ በእጅጉ ይሻላል።

## ደረጃ 3፦ አመራረጥ

ሙሉ ዓሣ ግዙ። ተቆራርጦ የተዘጋጀ ሥጋ ዕድሜውን ይደብቃል፤ ሙሉ ዓሣ ግን ፊቱ ላይ ተጽፎበታል። በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦

1. ሻጩን እዩ። ዓሣው ጥላ ውስጥ ነው? በበረዶ ተሸፍኗል ወይስ በረዶው ላይ ለጌጥ ተጋድሟል? ፀሐይ ላይ ከሆነ ሌላውን ምርመራ ተዉት፤ እለፉ።
2. አሽትቱ። ትኩስ ዓሣ የሚሸተው ባሕር ባሕር ነው። የአሞኒያ ወይም የኮመጠጠ ሽታ ካለው አስቀምጡት።
3. ዓይኑን እዩ። ጥርት ያለና ወጣ ያለ ይሁን። የጎደጎደና ደመና የለበሰ ከሆነ ሰንብቷል።
4. ጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ገልጡ። ውስጡ ያለው መተንፈሻ ደማቅ ቀይ መሆን አለበት። ቡናማ ወይም አመድማ ከሆነ አይሆንም። ሻጩ «አትንካ» ካለ ራሱ ይግለጥላችሁ። እንቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ።
5. በጣት ጫን አድርጉት። ሥጋው ወዲያው ይመለሳል። የጣት ምልክት ከቀረ ይቅርባችሁ።

ቅርፊት ያላቸው ሌላ ሕግ አላቸው። ክራብና ሎብስተር ከነሕይወታቸው ግዙ። ከሞቱ በኋላ ሥጋቸው በፍጥነት ይበላሻል። ክራቡን ስታነሱት እግሩን ካላንቀሳቀሰ መልሱት። ኦይስተርና ማስል (በሁለት ክዳን ቅርፊት ውስጥ የሚኖሩ የባሕር እንስሳት) ጥሬ ሳሉ የተዘጉ መሆን አለባቸው። አፉን የከፈተ ካለ ቀስ አድርጋችሁ አንኳኩት። ከዘጋ ሕያው ነው። ካልዘጋ ወይም ቅርፊቱ ከተሰነጠቀ ጣሉት።

በምንም ዓይን የማይለዩ አደጋዎች አሉ። ይህን ክፍል ሁለቴ አንብቡት።

- ቱና፣ ማኬሬል፣ ሰርዲንና ማሂማሂ የሚባሉት ዓሦች ሙቀት ላይ ከቆዩ ሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ሰው የሚመርዝ ንጥረ ነገር ይፈጠራል። መጥበስም ማቀዝቀዝም አያጠፋውም። እነዚህን በረዶ ላይ ካልሆነ አትግዙ።
- በሞቃት ባሕር የኮራል ሪፍ አካባቢ የሚያዙ ትልልቅ አዳኝ ዓሦች፣ በተለይ ባራኩዳና ሞሬይ ኢል፣ ሲጓቴራ የሚባል መርዝ ሊይዙ ይችላሉ። ሽታም ጣዕምም የለውም፤ ማብሰልም አያጠፋውም። ባራኩዳ ቢጋብዟችሁ አመስግናችሁ እለፉ።
- ኦይስተርና ማስል ራሳችሁ ከድንጋይ ላይ ለቅማችሁ አትብሉ። አንዳንድ ጊዜ ከአልጌ የሚመጣ መርዝ ያጠራቅማሉ። እሳት ይህንንም አይገድለውም። የአካባቢው ባለሥልጣን የከለከለበት ምልክት ከተተከለ ቀልድ አይደለም።
- የሚነፋ ዓሣ (ፓፈር) ሰው ይገድላል። ፈቃድ ካለው ባለሙያ ውጭ ማንም ቢያቀርብላችሁ አትቅመሱ።

## ደረጃ 4፦ ዋጋና ሚዛን

ጠብ የሚነሳው እዚህ ነው። ሜኑ ላይ «የዕለቱ ዋጋ» ወይም «እንደ ክብደቱ» ካለ ሳትጠይቁ አትዘዙ። አራት ጥያቄ አለ፦

1. ዋጋው የኪሎ ነው ወይስ የ100 ግራም? በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። አሥር እጥፍ ልዩነት አለው።
2. የሚመዘነው ከነሆድ ዕቃው ነው ወይስ ተጠርጎ?
3. ማብሰያው፣ ማባያውና አገልግሎቱ ተጨምሯል?
4. በአጠቃላይ ስንት ይመጣል? ቁጥሩን አጽፉት።

ለአንድ ሰው ከ400 እስከ 500 ግራም ሙሉ ዓሣ አስቡ። ብዙ መስሎ ይታያል። ጭንቅላቱ፣ አጥንቱና ሆድ ዕቃው ሲወጣ ግን የሚበላው ግማሽ ገደማ ነው።

ዓሣውን ሚዛን ላይ እንዳለ ፎቶ አንሱት፤ ቁጥሩም ይታይ። ሳህን ላይ የመጣው ሌላ፣ አነስ ያለ ዓሣ ከሆነ ፎቶውን ማሳየት ከክርክር ይሻላል። ይህ ፎቶ በኋላ ለሌላ ነገርም ይጠቅማል፤ እንመለስበታለን።

## ደረጃ 5፦ እስከ ማብሰያው ድረስ

ራሳችሁ የማታበስሉ ከሆነ ይህን ዝለሉት።

ሆዱን እዚያው አስጠርጉ። ሥጋውን መጀመሪያ የሚያበላሸው ሆድ ዕቃው ነው። ከዚያ ከረጢት ውስጥ አድርጉና ከላይም ከታችም በረዶ አልብሱት። የበረዶው መጠን ቢያንስ የዓሣውን ያህል ይሁን። በረዶ ካጣችሁ ውሃ ሞልታችሁ ያቀዘቀዛችኋቸው የፕላስቲክ ጠርሙሶች ይሠራሉ። በረዶው ሲቀልጥ ውሃውን ድፉት፤ ዓሣው በውሃ ውስጥ እንዲዋኝ አትፍቀዱ።

በረዶ ከሌለ ከሁለት ሰዓት አይለፍ። አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ሰዓት። መኪና ውስጥ ትታችሁት «ትንሽ እንዋኝና እንመለሳለን» ካላችሁ ዓሣውን እንደሞተ ሳይሆን እንደተቀበረ ቁጠሩት።

ሕያው ክራብና ማስልን ግን በታሰረ ፕላስቲክ አታፍኑ፣ በቧንቧ ውሃ ውስጥም አትዘፍዝፉ፤ ይሞታሉ። እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ።

## ደረጃ 6፦ ማብሰል

ሰዎች የባሕር ምግብን የሚያበላሹት ጥሬ በማስቀረት ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ በማብሰል ነው።

ዓሣ። ወፍራሙ ቦታ ላይ ለኩ። በየ2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት 10 ደቂቃ ገደማ በጠንካራ እሳት ይበቃል። አጋማሽ ላይ አንዴ ብቻ አገላብጡ። ቴርሞሜትር ካለ 63 ዲግሪ ሲደርስ አውጡ። ከሌለ በሹካ ነካ አድርጉት፤ ሥጋው ነጣ ብሎ በቀላሉ ከተላቀቀ ደርሷል።
*ብረቱ ላይ ከተጣበቀ* አትታገሉት። ገና ነው ማለት ነው። አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ራሱ ይለቃል። ለሚቀጥለው ጊዜ ቆዳውን በደንብ አድርቃችሁ፣ ብረቱንም አግላችሁ ጀምሩ።

ሽሪምፕ። ሁለት ሦስት ደቂቃ። ግማሽ ክብ ሆኖ ሲታጠፍ በቃው። ተጠቅልሎ ቀለበት ከሠራ አልፎበታል። ጀርባው ላይ ያለውን ጥቁር ክር አውጡት፤ አንጀቱ ነው።

ስኩዊድ (ለስላሳ አካልና ብዙ ክንድ ያለው የባሕር እንስሳ)። ወይ አንድ ሁለት ደቂቃ ወይ ከ40 ደቂቃ በላይ። መሐል ላይ የወጣ ጎማ ነው። *ጎማ ከሆነባችሁ* አትጣሉት፤ ቲማቲም ስልስ ውስጥ ጨምራችሁ በቀስታ ቀቅሉት፣ ይመለሳል።

ማስልና ኦይስተር። ቅርፊታቸው እስኪከፈት። ከፈላ በኋላ ያልተከፈተውን በቢላ አስገድዳችሁ አትክፈቱ፤ ጣሉት። እዚህ ላይ ጥሬው ሕግ ተገልብጧል፦ ጥሬ ሲሆን የተከፈተውን፣ ሲበስል ያልተከፈተውን።

ጥሬ ለመብላት ከቆረጣችሁ ይህን እወቁ። ሎሚ፣ ሚጥሚጣና አብሮ የሚጠጣ አልኮል ምግቡ ውስጥ ያለውን ጀርም አይገድሉም። ቪብሪዮ የተባለው ባክቴሪያ ያለበት ኦይስተር መልኩም ሽታውም ጣዕሙም እንደ ደህናው ነው። በሞቃት ወራት ደግሞ ይብሳል። ጥሬ ዓሣ ውስጥ ያለውን ትል የሚገድለው በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለ7 ቀን ማቀዝቀዝ ነው። ስለዚህ ጥሬ ዓሣ የሚያቀርበውን ቤት «ቀዝቅዞ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትፈልጉት መልስ «አዎ» ነው። «አይ፣ አሁን ከባሕር የወጣ ነው» ካላችሁ፣ ይጠበስልኝ በሉ።

## ደረጃ 7፦ አበላል

ሙሉ ዓሣ ሲቀርብ ብዙ ሰው መሐሉን ወግቶ ይበትነዋል። ከዚያ አጥንት ሲለቅም ያመሻል። እንዲህ አድርጉ፦

1. በቢላ ጀርባው ላይ ከጭንቅላቱ እስከ ጭራው መስመር አውጡ።
2. ከመስመሩ ጀምራችሁ የላይኛውን ሥጋ ወደ ሆዱ ገፋ አድርጋችሁ አንሱ።
3. ጭራውን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡ። አከርካሪው ከነጭንቅላቱ ይነሳል።
4. የታችኛው ሥጋ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ዓሣውን መገልበጥ አያስፈልግም።
5. ጭንቅላቱን ከመስጠታችሁ በፊት ጉንጩን በማንኪያ አውጡ። ጣፋጩ ቁራሽ እሱ ነው። የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ካለ ፈጠን በሉ።

ለልጅ የምትሰጡትን በሹካ ሳይሆን በጣት ፈትሹ። ቀጭን አጥንት በዓይን አይታይም።

ክራብ ከሆነ ገልብጡት፣ ሆዱ ላይ ያለውን ትንሽ ክዳን ንቀሉ፣ የጀርባውን ቅርፊት አንሱ። በግራና በቀኝ የተደረደሩትን ግራጫ ስፖንጅ የመሰሉ ጣቶች አውጥታችሁ ጣሉ፤ አይበሉም። ከዚያ ለሁለት ስበሩት። ነጭ ልብስ ለብሳችሁ አትጀምሩ።

እጃችሁ ከሸተተ ከሳሙና በፊት በሎሚ እሹት። ሽታውን የሚሰብረው አሲዱ ነው።

## ደረጃ 8፦ ነገር ሲበላሽ

አጥንት ጉሮሮ ላይ ቀረ። ሳሉ፣ ትንሽ ውሃ ጠጡ። ትልቅ ጉርሻ ውጣችሁ ለመግፋት አትሞክሩ፤ ይበልጥ ሊወጋ ይችላል። ካልሄደ ሐኪም ያውጣው። መተንፈስ ካስቸገረ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ ወይም ደም ከታየ ድንገተኛ ክፍል።

ከንፈር አበጠ፣ ሰውነት ሽፍ አለ፣ ትንፋሽ አጠረ። ይህ ከባድ አለርጂ ነው። ሐኪም ያዘዘለት የኤፒኔፍሪን መርፌ ያለው ወዲያው ይወጋ። ክኒን ውጦ «እስኪ ልየው» አይባልም። ወደ ሆስፒታል።

ፊት ቀላ፣ ራስ ተመታ፣ ልብ ደለቀ። ቱና ወይም ማኬሬል ከተበላ ከደቂቃዎች እስከ አንድ ሰዓት ገደማ የሚጀምር ከሆነ ሂስታሚን ሊሆን ይችላል። ከአንድ ዓሣ የበሉት ሁሉ ከቀሉ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የአለርጂ ክኒን ይረዳል። ትንፋሽ ከነካ ግን እንደላይኛው ነው። ስትበሉ ምላስን የሚለበልብ፣ በርበሬ በርበሬ የሚል ዓሣ ካጋጠማችሁ እዚያው አቁሙ።

አፍና ጣት ደነዘዘ፣ ቀዝቃዛው ነገር የሚያቃጥል መሰለ። ሐኪም ዘንድ ሂዱና ምን ዓሣ እንደበላችሁ ንገሩ። ማስል ወይም የሚነፋ ዓሣ ከበሉ በኋላ ከሆነ አንድ ደቂቃ አትጠብቁ፤ ትንፋሽን ሊያቆም ይችላል።

ተቅማጥና ማስመለስ። ኦአርኤስ በትንሽ በትንሹ። ደም ካለ፣ ትኩሳቱ ከበረታ ወይም ሽንት ከጠፋ ሐኪም ቤት።

ክንፉ ወይም ቅርፊቱ ወጋችሁ። በንጹሕ ውሃና ሳሙና እጠቡ። ቁስሉ እየቀላና እያበጠ በፍጥነት ከሰፋ በዚያው ቀን ሂዱ፤ የባሕር ውሃ እንደነካውም ንገሩ።

በሁሉም ጊዜ የተረፈውን ዓሣ አትጣሉ። በከረጢት አስራችሁ በረዶ ላይ አስቀምጡት። ቢመረመር ምክንያቱ ሊታወቅ ይችላል።

## ደረጃ 9፦ ትዝታውን መያዝ

ሊንዳ ሄንክል የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት ሙዚየም የገቡ ሰዎች ፎቶ ያነሱትን ዕቃ፣ ዝም ብለው ካዩት ይልቅ ባነሰ ሁኔታ ሲያስታውሱት አገኘች። ካሜራው ያስታውስልኛል ብሎ አእምሮ እጁን ያጣጥፋል። ግን የዕቃውን አንድ ክፍል አቅርበው ያነሱት ላይ ትዝታው አልቀነሰም። ስለዚህ ትንሽ አንሱ፣ ቀርባችሁ አንሱ።

እኔ ለአንድ ምግብ ሦስት ፎቶ ነው የማነሳው፦

1. ዓሣው ሚዛን ላይ። ከደረጃ 4 ተነስቷል።
2. የሚያበስለው ሰው እጅ። ፈቃድ ጠይቁ፤ እጅን ብቻ ስትሉ ብዙ ሰው እሺ ይላል።
3. ሲያልቅ፣ የአጥንቱ ሳህን። ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው። ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማን ቶሎ እንደጨረሰ ሁሉ ያስታውሰኛል።

ከዚያ ስልኩ ኪስ ይግባ።

ከማንሳታችሁ በፊት ሌንሱን ጥረጉ፤ የባሕር ነፋስ ጨው ስለሚለጥፍበት ፎቶው ጉም የለበሰ ይሆናል። ፍላሽ አትጠቀሙ፣ ዘይቱን ያብለጨልጨዋል።

*ስልኩ ባሕር ውስጥ ከወደቀ፦* «ውሃ አይገባውም» የተባለው አብዛኛውን ጊዜ በንጹሕ ውሃ ተፈትኖ ነው። ጨው ብረት ይበላል። እንዲህ ዓይነት ስልክ ከሆነ በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ አድርጉት፣ አድርቁት፣ ቀዳዳው ሳይደርቅ ቻርጅ አታድርጉ። ሩዝ ውስጥ መቅበሩን ተዉት።

ድምፅ ቅዱ። ሠላሳ ሴኮንድ ይበቃል። የማዕበሉን፣ የሳህኑን፣ የሳቁን። ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡና ስልኩን ደረታችሁ ላይ ያዙት፤ አለዚያ የምትሰሙት ነፋስ ብቻ ነው።

በዚያው ማታ አምስት መስመር ጻፉ። ነገ አይደለም። የዓሣው የአካባቢ ስም፣ እንዴት እንደተሠራ፣ አብሮ የቀረበው፣ አንድ የተባለ ነገር፣ አንድ ሽታ። ስሙን ሻጩ እንደጠራው በፊደላችን ጻፉት፤ ከዚያ እሱ ራሱ በቋንቋው ከሥሩ ይጻፍላችሁ። ከስም በላይ ቶሎ የሚጠፋ ነገር የለም።

ደረሰኝ የምታስቀምጡ ከሆነ ፎቶ አንሱት። በሙቀት የሚታተም ወረቀት ጊዜ ሲያልፍ ጽሑፉ ይደበዝዛል።

ዛጎል ከመውሰዳችሁ በፊት ሕጉን ጠይቁ፤ የተከለከለበት ቦታ ብዙ ነው። ጠንካራ ኮራል በሳይተስ (ለአደጋ የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ቁጥጥር ሥር ስለሆነ ጉምሩክ ላይ ሊያዝባችሁ ይችላል። ሕያው የሾጣጣ ቅርጽ ቀንድ አውጣ አታንሱ፤ ንድፊያው ሰው ሊገድል ይችላል። የተፈቀደ ባዶ ዛጎል ካገኛችሁ መጀመሪያ ውስጡን እዩ። ትንሽ ክራብ ቤት አድርጎት ሊሆን ይችላል። ባዶ ከሆነ አምስት ደቂቃ ቀቅሉና ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት። እርጥብ እያለ ሻንጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ ከመጣችሁ፣ ሻንጣውን ከልብሶቹ ጋር ደጅ አውጥታችሁ ማሳደር ግድ ይሆናል።